አሮጌ ኮምፒውተር ማሻሻያ አያስፈልገውም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን መጀመሪያ ያየሁት በወረቀት ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ እናት አሉ፤ ኮምፒውተሮቻቸው ሲያስቸግሩ የምጠራው እኔ ነኝ። ባለፈው ስሄድ ከሒሳብ ደብተራቸው ሥር ሁለት ገጽ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «እስቲ አንብበው ልጄ፤ አንተ የምትለኝን ሁሉ አይደለም ይላል» አሉኝ። ልጃቸው በስልኩ የደረሰውን አትሞላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጽሑፍ አራት ሰዎች ልከውልኛል፤ ሁለቱ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ሌላው ቢቀር ለእነዚህ ሁለቱ መልስ መስጠት ይገባኛል።

ጽሑፉ «አሮጌ ኮምፒውተር» የሚለው አሥር ዓመት ገደማ ያገለገለ፣ ራሙ ከአራት ጊጋባይት የማይበልጥ፣ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ሲሠራ ቆይቶ ወደ እኛ የመጣ ማሽን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚሰጠው ምክር ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ሁላችንም አፕዴት የምንለው፣ ኮምፒውተሩን ያዘገያል፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፣ ዓላማውም አዲስ እንድንገዛ ማስገደድ ነው፤ ስለዚህ ይዘጋ። ጥሩ አንቲቫይረስ ካለ ማሻሻያ አያስፈልግም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ለስሙ ያህል ነው፤ ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ ቢጫን ግን አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል። የሚከፈልበትን በክራክ፣ ማለትም ክፍያውን በሚያስቀር ሕገ ወጥ መስበሪያ፣ መጠቀም ችግር የለውም። ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ኮምፒውተር ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አይነካውም። በመጨረሻም፣ ቀላል ስለሆነ ወደ ዊንዶውስ 7 መመለስ ይሻላል። ጸሐፊው አቀራረባቸው ጥሩ ነው፤ የተነሡበትም ጭንቀት፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ያለውን ማሽን እንዴት ያቆየው የሚለው፣ የእኔም ጭንቀት ነው። የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ማሻሻያ ያዘገያል በሚለው ልጀምር። በዚህ ላይ ጸሐፊው ራሳቸው ካሰቡት የበለጠ እውነት አላቸው። በ2018 ጃንዋሪ ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ፣ ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ አሮጌ ማሽኖችን እንደሚያዘገይ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኗል። ሃስዌል የተባለው ትውልድ ወይም ከዚያ የቀደመ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ዊንዶውስ 7 ወይም 8 የጫኑ አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች ልዩነቱን ያስተውሉታል ብሎ ነበር። በዚያው ወር የወጣው ማሻሻያ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያላቸው አንዳንድ ማሽኖች ጨርሶ እንዳይነሱ በማድረጉ ስርጭቱ ለጊዜው ቆሟል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነዶች አጥፍቶ፣ ስርጭቱ ታግዶ፣ በኖቬምበር ተስተካክሎ ዳግም ወጣ። ጸሐፊው እነዚህን ቢጠቅሱ ኖሮ መልስ ለመስጠት የበለጠ እቸገር ነበር።

የጠቀሱት ግን የ2024ቱን ነው። ጁላይ 19 ቀን 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሰማያዊው የስህተት ገጽ ላይ ቀርተው አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሥራቸው የተስተጓጎለበትን ቀን። «ማሻሻያ የሚያመጣው መዘዝ ይህ ነው» ይላሉ። የዚያን ቀን መዘዝ ያመጣው ግን የዊንዶውስ ማሻሻያ አልነበረም፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ለራሱ የጥበቃ ሶፍትዌር የላከው የተበላሸ ፋይል ነው። ያ ሶፍትዌር እንደ አንቲቫይረስ ሁሉ በስርዓተ ክወናው ጥልቅ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ማስረጃው የሚመሰክረው፣ ጸሐፊው «ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ጫኑ» በሚሉት የሶፍትዌር ዓይነት ላይ ነው።

አዲስ እንድንገዛ ለማስገደድ ነው የሚለው ክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። በየወሩ የሚመጣው የደኅንነት ማሻሻያ አንድ ነገር ነው። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሸጋገር ሌላ ነው። በሁለተኛው ላይ ቅሬታቸውን እጋራለሁ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅና ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ ስለማይቀበል፣ ምንም ያልጎደለው ላፕቶፕ ከደጅ ቀርቷል። ይህ ሲሆን ያናድዳል። ነገር ግን ወደ 11 አልሸጋገርም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ተናድዶ የ10ሩን የደኅንነት ማሻሻያ መዝጋት፣ ባለ ሱቁ አዲስ ጫማ ሊሸጥልኝ ፈለገ ብሎ የአሮጌውን ቀዳዳ ላለማስደፈን እንደ መማል ነው።

ለመሆኑ አሮጌ ማሽን የሚዘገየው በምንድን ነው? በእኚያ እናት ሱቅ በር አጠገብ ያለውን ዴስክቶፕ አስነሥቼ ሰዓት ያዝኩ። የመጀመሪያው የጽሕፈት ሰነድ እስኪከፈት 11 ደቂቃ ወሰደ። ተማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ፍላሻቸውን ሰክተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። የሥራ መቆጣጠሪያውን (ታስክ ማናጀር) ከፍቼ ሳየው ፕሮሰሰሩ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የሃርድ ዲስኩ መስመር ግን መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ ንቅንቅ አይልም። ዲስኩን ሲያነቡ የነበሩት ሁለት አንቲቫይረሶች ናቸው፤ አንዱ ሌላው የከፈተውን ፋይል እየተከተለ ይመረምራል። ማሻሻያው ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየ ስለሆነ ተጠርጣሪ እንኳ ሊሆን አይችልም። አንዱን አንቲቫይረስ አጥፍቼ፣ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በአነስተኛ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ስተካ ያው ኮምፒውተር፣ ያው ራም፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተነሣ። በእርግጥ ኤስኤስዲ በነፃ አይገኝም። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ግን ዋጋው አይወዳደርም።

የኢንተርኔት ጥቅሉ ነገር እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም መፍትሔው መዝጋት አይደለም። በዊንዶውስ 10 የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት አብዛኛውን ማውረድ ያቆመዋል፤ ጥቅል ባለበት ቀን ይከፈታል። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ፣ አንዱ ያወረደውን ማሻሻያ ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲቀባበሉት የሚያደርግ ማስተካከያ እዚያው ማሻሻያው ገጽ ላይ አለው። ሌላም መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት ማሻሻያዎቹን በተናጠል የሚያስቀምጥበት ካታሎግ አለው፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን መውሰድ ይቻላል። የዊንዶውስ 10 ወርሃዊ ማሻሻያዎች ያለፉትን ወራት ጠቅልለው የሚይዙ ስለሆኑ ያመለጡትን አንድ በአንድ መልቀም አያስፈልግም፤ የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። «ጥሩ አንቲቫይረስ ካለ ማሻሻያ አያስፈልግም» የሚለውን ብቻ አርምና ሌላውን ሁሉ ተወው ቢሉኝ እስማማለሁ። ማሻሻያ የፈረሰ አጥር መጠገን ነው። አንቲቫይረስ ዘበኛ ነው። አጥሩ ክፍት ሆኖ ዘበኛ ቢቆምም፣ ዘበኛው የሚያውቀው ቀድሞ መልኩ የተነገረውን ወይም አካሄዱ ያጠራጠረውን ሌባ ነው።

በ2017 ሜይ 12 የተነሣውን ዋናክራይ እናስታውስ። ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን የሚጠይቀው ይህ ትል (በራሱ የሚዛመት ቫይረስ) በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ። ማንም ሰው አጠራጣሪ ፋይል መክፈት አላስፈለገውም፤ ትሉ ኮምፒውተሮች ፋይል በሚጋሩበት የዊንዶውስ አገልግሎት ቀዳዳ ራሱ እየገባ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ማርች 14 ወጥቶ ነበር፤ ጥቃቱ ሲጀመር 59 ቀን ሆኖታል። ከተጠቁት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ደግሞ ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ፤ ያኔ ዊንዶውስ 7 ገና ማሻሻያ እየወጣለት ነው። ማሻሻያው እያለ ያልጫነው ሰው ነው የተጎዳው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላሰበው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ከ2003 ጀምሮ ማሻሻያ የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ይሆናል። ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ባለሙያ የሆነ አጥቂ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽሮ ቀዳዳው የት እንደነበረ ሊያገኘው ይችላል። አጥሩን የጠገነ ሰው ይድናል፤ ያልጠገነው ግን አጥሩ የት ጋ እንደፈረሰ በአደባባይ ተለፍፎበታል። ማሻሻያን የዘጋ ሰው «እንደ ድሮዬ እኖራለሁ» ቢልም፣ በየወሩ የሚታወቅበት ቀዳዳ እየበዛ ነው የሚሄደው።

ከዋናክራይ በፊት ኮንፊከር ነበር። ቀዳዳው በ2008 ኦክቶበር ተደፈነ፤ ትሉ በኖቬምበር መጣ። ኮንፊከር ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደነበር ጸሐፊው ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ የዊንዶውስ ማሻሻያን ይዘጋ ነበር። ትሉ ይደክምበት የነበረውን ሥራ ጽሑፉ በምክር እየሠራለት ነው።

አንቲቫይረስ ታዲያ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀውን የፍላሽ ቫይረስ እንውሰድ። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሣው ዓይነት ነበር የሚያስቸግረን። ማይክሮሶፍት በ2011 ፌብሩዋሪ በኤክስፒና በቪስታ ላይ ያንን በራስ የመነሣት ልማድ የሚያጠፋ ማሻሻያ ሰጠ፤ የዚያ ዓይነቱ ቫይረስም እየመነመነ ሄደ። ያን ያደረገው ማሻሻያ ነው። በቦታው የመጣው ሾርትከት ቫይረስ ግን ሌላ ነው፤ የተማሪውን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ የራሱን ጽሑፍ የሚከፍት መስሎት ሁለቴ ሲጫን ቫይረሱን ያስነሣል። ሰው በገዛ እጁ ለሚከፍተው በር ማሻሻያ ብዙም አይረዳውም። እዚያ ላይ ዘበኛው ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው አንቲቫይረስን ማስወደዳቸው በዚህ ልክ ትክክል ነው።

አንድ ዘበኛ ግን ይበቃል። አንቲቫይረስ የሚሠራው ፋይል ሊከፈት ሲል መሐል ገብቶ «ቆይ ልየው» በማለት ነው። ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም መሐል ይገባሉ፤ አንዱ የያዘውን የቫይረስ ናሙና ሌላው ቫይረስ ብሎ ይይዘዋል፤ እየተጠባበቁ ማሽኑን የሚያደርቁበት ጊዜም አለ። ይህን ዊንዶውስ ራሱ ስለሚያውቅ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቋሚ ጥበቃውን ትቶ ገለል ይላል። ቅድም የጠቀስኩት የ2018 መጀመሪያ ማሻሻያም ከአንዳንድ አንቲቫይረሶች ጋር እየተጋጨ ማሽን ስለሚጥል፣ አንቲቫይረሱ ተስማሚ መሆኑን ካላሳወቀ ማሻሻያው ለዚያ ኮምፒውተር አይሰጥም ነበር። የአንቲቫይረስ ብዛት አጥሩንም ሳያስጠግን የሚቀርበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ዲፌንደር ለስሙ ነው የሚባለው ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን ያስኬዳል። ያኔ በገለልተኛ ፈታኞች ዘንድ ነጥቡ ዝቅተኛ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን በጀርመኑ ኤቪ ቴስትም ሆነ በኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ፈተና ከሚከፈልባቸው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሲያመጣ ቆይቷል። ሁለት ድክመት አለበት፤ አልሸሽገውም። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሙሉ ፍተሻ ሲጀምር ከበድ ይላል፤ ስለዚህ ፍተሻውን ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት መቅጠር ነው። ሁለተኛው፣ ኢንተርኔት ሲኖር ብዙውን ብልሃቱን ከሩቅ ሰርቨር ስለሚያገኝ፣ ኢንተርኔት በሌለበት የመለየት ችሎታው ይቀንሳል። ኢንተርኔት ብርቅ በሆነበት ቦታ ያለ ሰው ያለ ኢንተርኔትም ጥሩ የሚለይ ሌላ አንድ ቢመርጥ አልከራከረውም። ጸሐፊው «ነፃ የሆነ ነገር ዋጋው ሌላ ነው» ያሉትም ባዶ አይደለም። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ አሰሳ መረጃ በሥሩ በነበረ ድርጅት በኩል በመሸጡ በ2024 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

በክራክ ስለሚጫነው አንቲቫይረስ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን ለጊዜው እንድናጠፋ ነው። ማን እንደሠራው በማይታወቅ ፋይል ፊት ዘበኛውን አስተኝቶ በር መክፈት፣ ያውም ዘበኛ ለመቅጠር! ስቶፕ የተባለው የፋይል ቆላፊ ቫይረሶች ቤተሰብ በዋናነት ሲሰራጭ የኖረው በእንዲህ ያሉ ክራኮች ውስጥ ተሸጉጦ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ማሽን አይነካም ለሚለው ስተክስኔት መልስ ነው። በ2010 የታወቀው ይህ ትል የኢራንን የናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያ ሲያጠቃ፣ የማዕከሉ ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት የተለዩ ነበሩ። ለእንዲህ ያለው መሻገሪያ ይጠቀምበት የነበረው ፍላሽ ነው። በፍላሹ ላይ የነበረው ሾርትከት ደግሞ መጫን እንኳ አላስፈለገውም፤ ፎልደሩ ተከፍቶ ምልክቱ ሲታይ ብቻ ይነሣ ነበር። ያንን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደፈነው። የፎቶ ኮፒ ቤት ናታንዝ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በቀን የሚሰካበትን ፍላሽ ብትቆጥሩ ናታንዝ ይቀናበታል። ኢንተርኔት ለሌለው ማሽን የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ በሌላ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ፣ አምጥቶ መጫን ይቻላል።

ወደ ዊንዶውስ 7 መመለስስ? ይፋ የሆነው ዝቅተኛ መስፈርት ለ7ም ለ10ም አንድ ነው፤ ለ64 ቢት ሁለት ጊጋባይት ራም። በተግባር 7 በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ቀለል እንደሚል ግን እቀበላለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ለተራ ተጠቃሚ የሚሰጠው ማሻሻያ በ2020 ጃንዋሪ 14 ቆሟል። ክሮምም ከስሪት 109 በኋላ በእሱ ላይ አይጫንም። ባንክና ኢሜይል የምንከፍትበት አሳሽ ያረጀ ከሆነ ከፊቱ የቆመው አንቲቫይረስ ብዙ አይረዳም።

ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ በ2025 ኦክቶበር 14 አብቅቷል፤ ጸሐፊው ይህን ማንሣት ነበረባቸው። ለተመዘገበ ሰው የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2026 ኦክቶበር 13 እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን፣ የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ያገናኘ ሰው ሳይከፍል ሊመዘገብ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለአሮጌ ማሽን የቀረው ሁነኛ መንገድ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ስርዓተ ክወና ነው። ሁለት ጊጋባይት ራም ላይ ይነሣል፣ የአማርኛ መጻፊያም ይገኝለታል። በፓወር ግዕዝ አሮጌ ፊደሎች፣ ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የፊደል ሥርዓት ከመለመዱ በፊት የተጻፉ ሰነዶች ግን እዚያ ላይ ተዘበራርቀው ሊታዩ ይችላሉ። እኚያ እናት ሊኑክስን እምቢ ያሉኝም በዚህ ነው። የአሥር ዓመት የደንበኛ ማመልከቻና ውል በዚያ ፊደል ነው ያላቸው፤ ልክ ናቸው።

ማሻሻያ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የሚለው ፍርሃትም ልክ ነው። የባትሪ ዕድሜው ያለቀ ላፕቶፕ ፋይል እየተካ ሳለ ቢጠፋ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አይጫንም፤ ዊንዶውስ 10 እስከ 35 ቀን ማዘግየትን ይፈቅዳል። የሚያስፈልግ ሰነድ ደግሞ አስቀድሞ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣል።

በሱቁ ሁለቱ ማሽኖች አሁን ዊንዶውስ 10 ከነማሻሻያው፣ ከዲፌንደር ጋር አላቸው። ሦስተኛው ራሙ አንድ ጊጋባይት ስለሆነ እንደ ዊንዶውስ 7ነቱ ተውነው፤ ከኔትወርክ ነቅለን ለማተም ብቻ አስቀመጥነው፤ ፋይል የሚደርሰው አንዱ ጤነኛ ማሽን ላይ በተመረመረ በአንድ የተለየ ፍላሽ ብቻ ነው። የፊቱን የፍላሽ መሰኪያዎች በወረቀት ሸፍነው «እዚህ ፍላሽ አይሰካም» ብለው በትልቁ ጻፉበት። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ወረቀቱ በአንድ ጎኑ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ቀይ ፍላሽ ተሰክቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። «የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፣ ቸኩሎ ነው» አሉኝ፤ ልጁ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።